ጂዛን፣ ዩራኒየም እና ያልተቆጠረው ሰው

ሳዑዲ ዓረቢያ የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ የምትተክልበትን ቦታ ማማረጥ ስትጀምር፣ በ2013 ሦስት አካባቢዎች በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ ገብተው ነበር። በባሕረ ሰላጤው ዳርቻ ጁቤል፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ ደግሞ ታቡክና ጂዛን ናቸው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኋላ የአገሪቱ ባለሥልጣናት ትኩረታቸውን ከኳታርና ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ድንበር አጠገብ ወዳለው ወደ ኹር ዱዌይሂን አዞሩ። የጂዛን ስም ግን በዝርዝሩ መግባቱ ብቻውን ትልቅ ጥያቄ ያስነሣል። አንድ መንግሥት እንዲህ ያለ ጣቢያ ከድንበር አጠገብ ሊተክል ሲያስብ፣ በጣቢያው ዙሪያ የሚኖረውን ሰው እንዴት ይቆጥራል? ከድንበሩ ማዶ ያለውንስ? በስም መዝገብ ላይ የሌለውንስ?

ጥያቄው ለኢትዮጵያውያን የሩቅ ወሬ አይደለም። ከወሎ፣ ከራያ፣ ከትግራይ፣ ከአርሲና ከጅማ ተነሥተው በጂቡቲና በየመን በኩል የሚያልፉ ወጣቶች ሳዑዲ ዓረቢያን የሚረግጡት በአብዛኛው በዚሁ በጂዛን በኩል ነው። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ እርሻዎች፣ ግንባታዎችና መኖሪያ ቤቶች ውስጥ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) ያላቸውም የሌላቸውም ኢትዮጵያውያን ይሠራሉ። በዚያ ምድር ላይ የሚወሰን ውሳኔ የእነርሱንም ሕይወት ይነካል።

የዕቅዱ አመጣጥ

የንጉሥ አብዱላህ የአቶሚክና የታዳሽ ኃይል ከተማ የተባለው ተቋም በ2010 ሲቋቋም፣ የተሰጠው ምክንያት ግልጽ ነበር። የሳዑዲ ዓረቢያ የኤሌክትሪክ ፍላጎት በፍጥነት እያደገ ሲሆን፣ አገሪቱ ለውጭ ገበያ ልትሸጠው የምትችለውን ነዳጅ ለአየር ማቀዝቀዣና ለባሕር ውኃ ማጣሪያ ታቃጥላለች። በ2011 ተቋሙ በ20 ዓመት ውስጥ 16 ሪአክተሮች እንደሚገነቡ፣ ወጪውም ከ300 ቢሊዮን ሪያል (ወደ 80 ቢሊዮን ዶላር) እንደሚበልጥ አስታወቀ። ከሁለት ዓመት በኋላ የተቀመጠው ግብ በ2032 ወደ 17,000 ሜጋ ዋት የኒውክሌር ኃይል ማመንጨት ነበር። በ2015 ቀነ ገደቡ ወደ 2040 ተገፋ። በ2017 ብሔራዊ የአቶሚክ ኃይል ፕሮጀክት ጸደቀ፣ በ2018 የፖሊሲ ሰነዱ ወጣ፣ የመጀመሪያዎቹም ሁለት ትላልቅ ሪአክተሮች ብቻ እንዲሆኑ ተወሰነ። ደቡብ ኮሪያ፣ ቻይና፣ ሩሲያና ፈረንሳይ ለግንባታው ፍላጎት አሳይተዋል። እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ ግን በአገሪቱ ምድር የኃይል ማመንጫ ሪአክተር ግንባታ አልተጀመረም።

ከደቡብ ኮሪያ ጋር በ2015 የተፈረመው ስምምነት «ስማርት» የተባለውን አነስተኛ ሪአክተር የሚመለከት ነበር። ይህ ሪአክተር ወደ 100 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እያመነጨ የባሕር ውኃንም እንዲያጣራ ታስቦ የተነደፈ ነው። የሳዑዲ የኒውክሌር ሐሳብ ከውኃ ጉዳይ ተለይቶ የማይታየው በዚህ ምክንያት ነው። በምድሯ አንድም ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም፤ ከባሕር በሚጣራ ውኃ መጠንም ከዓለም ቀዳሚዋ ናት።

ቦታው ምን ይመስላል

ጂዛን በሳዑዲ ዓረቢያ ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ እስከ የመን ተራሮች የሚደርስ አውራጃ ነው። በስፋቱ ከአገሪቱ ትናንሽ አውራጃዎች አንዱ ቢሆንም፣ በ2022ቱ ቆጠራ ወደ 1.4 ሚሊዮን ሰው ተቆጥሮበታል። በባሕሩ ዳር ጨዋማ ረግረግ ይዘረጋል፤ የቆየችው የጂዛን ከተማ ራሷ የተቀመጠችው ከምድር ሥር ወደ ላይ በተገፋ የጨው ጉልላት ላይ ነው። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ማሽላና ማንጎ የሚበቅልበት የሳብያና የሳምታ ሜዳ ይከተላል። ከሜዳው ማዶ የፈይፋ ተራሮች በእርከን ታርሰው ቡና ያበቅላሉ። በሰኔና በሐምሌ የአካባቢው ሰው «ጉብራ» የሚለው አቧራ የተሸከመ ነፋስ ሜዳውን ይሸፍነዋል፤ ሙቀቱ ከእርጥበት ጋር ተደምሮ ቀኑን ከባድ ያደርገዋል።

ከከተማዋ እስከ የመን ድንበር ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያ መስመር ላይ ሳምታ፣ ጧል፣ አሪዳና ኾባ የተባሉት የድንበር ከተሞች ይገኛሉ። ጧል ሁለቱ አገሮች ሰላም በነበሩበት ጊዜ ዋናው የመሻገሪያ በር ነበረ። ድንበሩ በ1934 የጣይፍ ውልና በ2000 የጂዳ ስምምነት የተሰመረ ቢሆንም፣ በሁለቱ ወገን ያሉት ጎሣዎች በጋብቻ፣ በገበያና በግጦሽ የተሳሰሩ ናቸው።

የምድሩ ተፈጥሮ የራሱ ፈተና አለው። ቀይ ባሕር የአፍሪካና የዓረቢያ ምድር እየተራራቁ የሄዱበት ስንጥቅ ነው፤ የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆም የዚሁ ሥርዓት ክፍል ነው። በጥር 1941 ከጂዛን በስተምሥራቅ፣ በየመን ራዚህ ተራራ የደረሰ የመሬት መንቀጥቀጥ ወደ 1,200 ሰው ገድሏል። በታኅሣሥ 1982 የመን ውስጥ ዘማር አካባቢ የደረሰው ደግሞ ከ2,000 በላይ ሰው ፈጅቷል። የኒውክሌር ሪአክተር በመንቀጥቀጥ ቀጠና ሊሠራ ይችላል፤ ጃፓን ለዚህ ምስክር ናት። ነገር ግን መሠረቱን በጠንካራ አለት ላይ መጣል፣ ወይም ልቅ የሆነውን አፈር በብዙ ወጪ ማጠናከር ያስፈልጋል። ጨው የተኛበትና ውኃ የጠገበ የባሕር ዳርቻ ደግሞ ለዚህ ሥራ ከማይመቹት ቦታዎች አንዱ ነው።

ዩራኒየሙ ከየት ይመጣል

የሪአክተሩ ነገር ከማመንጫው አይጀምርም፤ የሚጀምረው ከማዕድን ማውጫው ነው። በሳዑዲ ዓረቢያ የዩራኒየም ፍለጋ ያተኮረው ከጂዛን ርቆ በሰሜን ምዕራብና በመሐል ባለው ጥንታዊ አለት ላይ ነው። በታቡክ አውራጃ የሚገኘው ጉራያ ዩራኒየምን ከቶሪየም፣ ከታንታለምና ከኒዮቢየም ጋር ቀላቅሎ ይዟል። በሰሜኑ የፎስፌት ክምችት ውስጥም ዩራኒየም በትንሽ መጠን ይገኛል። በ2020 «ጋርዲያን» የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ የቻይና ጂኦሎጂስቶች በመሐልና በሰሜን ምዕራብ ባሉ ሦስት ቦታዎች ከ90,000 ቶን በላይ ዩራኒየም ሊገኝ እንደሚችል መገመታቸውን ዘግቧል። ይህ ግምት እንጂ የተረጋገጠ ክምችት አይደለም፤ ማዕድኑን ማውጣት አዋጭ መሆኑም በዚያ ዘገባ አልተረጋገጠም።

አንድ 1,000 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ሪአክተር በዓመት ወደ 200 ቶን የተፈጥሮ ዩራኒየም ይፈልጋል። ከምድር የሚወጣው ዩራኒየም በቀላሉ የሚሰነጠቀውን ዩራኒየም 235 የያዘው 0.7 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ማዕድኑ ይፈጫል፣ በአሲድ ወይም በአልካሊ ይታጠባል፣ «የሎው ኬክ» የሚባል ዱቄት ይሆናል፣ ከዚያም ወደ ጋዝ ተለውጦ ዩራኒየም 235ቱ ከ3 እስከ 5 በመቶ እስኪደርስ ይበለጽጋል።

የአካባቢ ችግሩ ትልቁ ክፍል በመጀመሪያዎቹ ደረጃዎች ላይ ነው። ማዕድኑ ተፈጭቶ ዩራኒየሙ ከተወሰደለት በኋላ፣ ቀድሞ በአለቱ ውስጥ ከነበረው ጨረር 85 በመቶ ያህሉ በቅሪቱ ዝቃጭ ውስጥ ይቀራል። በዝቃጩ ውስጥ ያለው ራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜው 1,600 ዓመት ነው፤ እርሱን የሚያስገኘው ቶሪየም 230 ደግሞ ወደ 75,000 ዓመት ይደርሳል። ከራዲየሙ የሚወጣው ራዶን የተባለ ጋዝ ሲተነፈስ የሳንባ ካንሰር ያመጣል። በደረቅና ነፋሻ አገር ዝቃጩ ካልተሸፈነ አቧራ ሆኖ ይበተናል፤ ድንገተኛ ጎርፍ በሚወርድበት ሸለቆ ደግሞ ታጥቦ ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይገባል።

ይህ በሌሎች አገሮች የታየ ነው። በአሜሪካ በናቫሆ ሕዝብ ምድር ከ1944 እስከ 1986 ወደ 30 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ የዩራኒየም ማዕድን ወጣ፤ ከ500 በላይ ጉድጓዶች ሳይጸዱ ቀሩ። ሐምሌ 16 ቀን 1979 በቸርች ሮክ የዝቃጭ ግድብ ተደርምሶ ከ350 ሚሊዮን ሊትር በላይ የተበከለ ውኃ እረኞች ከብት በሚያጠጡበት ወንዝ ውስጥ ፈሰሰ። ለማዕድን ሠራተኞቹ ካሣ የሚሰጥ ሕግ የወጣው በ1990 ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ሞተዋል። በኒጀር በረሃ በአርሊት አካባቢ ማዕድን ማውጣት በ1971 ተጀመረ። በዚያ ካሉት ኩባንያዎች አንዱ፣ ኮሚናክ፣ በ2021 ሥራውን ሲያቆም ወደ 20 ሚሊዮን ቶን የሚደርስ ዝቃጭ ትቶ ሄደ። ከአርሊት የወጣው ዩራኒየም ለአሥርተ ዓመታት የፈረንሳይን ከተሞች ሲያበራ፣ አብዛኛው የኒጀር ሕዝብ ያለ ኤሌክትሪክ ይኖር ነበር። በምሥራቅ ጀርመን ቪስሙት የተባለው ድርጅት ከ1946 እስከ 1990 ከ200,000 ቶን በላይ ዩራኒየም አወጣ፤ ጀርመን ከተዋሐደች በኋላ አካባቢውን ለማጽዳት ከ6 ቢሊዮን ዩሮ በላይ ወጣ። ሀብታሟ ጀርመን ገንዘቡን ማውጣት ቻለች። ድሀ አገር ተመሳሳይ ቅሪት ሲተውለት ግን ከፋይ አያገኝም።

ከእነዚህ ታሪኮች የሚገኘው ትምህርት አንድ ነው። የማዕድን ማውጫው መዝጊያና የማጽጃ ገንዘብ መጀመሪያ ፈቃዱ ሲሰጥ በዝግ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ኩባንያው ትርፉን ይዞ ከሄደ በኋላ የሚጠየቅ ገንዘብ አይገኝም።

ባሕሩና የሚጠጣው ውኃ

ከጂዛን ከተማ በስተሰሜን፣ በዳርቻው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ጣቢያዎች ያሉበት ሹቀይቅ ይገኛል። ግዙፍ ቱቦዎች የባሕሩን ውኃ ይስባሉ፤ ማጣሪያዎቹ ጨውን ያስቀራሉ፤ የተጣራው ውኃ ደግሞ ተራራውን ሽቅብ እየተገፋ እስከ አሲር ከተሞች ይደርሳል። ከጣቢያዎቹ አንዱ፣ ሹቀይቅ 3፣ ብቻውን በቀን 450,000 ሜትር ኩብ ውኃ የማምረት አቅም አለው። በጂዛንና በአብሃ ያለ ቤተሰብ ቧንቧ ሲከፍት የሚያገኘው ውኃ ከዚህ ባሕር የመጣ ነው።

ለኒውክሌር ጣቢያ ይህ ሁለት ትርጉም አለው። የመጀመሪያው ሙቀት ነው። ሪአክተር ከሚያመነጨው ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው አንድ ሦስተኛው ያህል ነው፤ ሁለት ሦስተኛው መወገድ አለበት። በባሕር ዳር የሚቀዘቅዝ ትልቅ ጣቢያ በየሴኮንዱ በአሥር የሚቆጠሩ ሜትር ኩቦች ውኃ ስቦ ሞቆ ይመልሳል። የቀይ ባሕር ደቡባዊ ክፍል በበጋ ከ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፤ ውኃው ይበልጥ ሲሞቅ የጣቢያው ብቃት ይቀንሳል፣ ኮራሉም ይጎዳል። ከጂዛን ማዶ ያሉት የፈረሳን ደሴቶች ዓሣ አጥማጆች የሚተዳደሩት ይህ ኮራል በሚያኖረው ዓሣ ነው። ባሕሩም ጠባብና ከሞላ ጎደል ዝግ ነው፤ በደቡብ በኩል ከውቅያኖስ ጋር የሚገናኘው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ባለው በባብ ኤል መንደብ ብቻ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ነው። ጨረር ያለበት ውኃ ወደ ባሕሩ ቢፈስ፣ ማጣሪያዎቹ የሚስቡትን ውኃ ማቆም ግድ ሊሆን ይችላል። ወንዝ በሌለበት አገር የባሕር ማጣሪያ ለቀናት መቆም የጥም ጉዳይ ነው። የኒውክሌር ጣቢያና የመጠጥ ውኃ ማጣሪያ በአንድ ዳርቻ አጠገብ ለአጠገብ ቢተከሉ፣ በቂ የውኃ ክምችት መኖሩ ከሪአክተሩ ዲዛይን እኩል መመዘን አለበት።

ጦርነት የሚያውቀው ድንበር

ጂዛን ከኢነርጂ ጋር አዲስ ትውውቅ የለውም። በበይሽ አካባቢ በተቆረቆረው የኢንዱስትሪ ከተማ በቀን 400,000 በርሜል የሚያጣራ የነዳጅ ማጣሪያና 3,800 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ አለ። ጣቢያው ከማጣሪያው የሚተርፈውን ወፍራም ቅሪት ወደ ጋዝ ለውጦ ያቃጥላል።

እነዚህ ተቋማት ግን የጦርነት ዒላማ ሆነዋል። ሳዑዲ መራሹ ጥምረት በመጋቢት 2015 የመን ውስጥ ውጊያ ከጀመረ በኋላ፣ የሁቲ ኃይሎች ሚሳኤልና ድሮን ወደ ጂዛን በተደጋጋሚ ተኩሰዋል። በኅዳር 2020 በጂዛን የነዳጅ ማራገፊያ አቅራቢያ ተንሳፋፊ መድረክ ላይ እሳት ተነሣ፤ በመጋቢት 2021 የነዳጅ ማከፋፈያው ተመታ። መጋቢት 20 ቀን 2022 በአንድ ሌሊት የሹቀይቅ የውኃ ማጣሪያ፣ የጂዛን የነዳጅ ተቋም፣ የዘህራን አልጀኑብ የኃይል ጣቢያና ሌሎችም የጥቃት ዒላማ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ፣ በሚያዝያ 2022 መጀመሪያ፣ በተባበሩት መንግሥታት ሸምጋይነት የተኩስ አቁም ተደረሰ። የኾባ ከተማና በዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ቀድሞም በ2009 በድንበሩ ውጊያ ተፈናቅለዋል፤ በ2015ም እንደገና ሰው ወጥቶባቸዋል።

የነዳጅ ታንክ ሲመታ እሳቱ በቀናት ይጠፋል። የኒውክሌር ጣቢያ ግን ከተዘጋ በኋላም ነዳጁ ስለሚሞቅ ያለማቋረጥ መቀዝቀዝ አለበት፤ ማቀዝቀዣው ደግሞ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። በመጋቢት 2011 በፉኩሺማ የሆነው ይህ ነው። ሱናሚው ተጠባባቂ ጄኔሬተሮቹን ሲያጠፋ ሦስት ሪአክተሮች ቀለጡ። በዩክሬን የዛፖሪዥያ ጣቢያ ከመጋቢት 2022 ጀምሮ በጦር ሜዳ መሐል ቆይቷል፤ ከውጭ የሚያገኘው የኤሌክትሪክ መስመርም በተደጋጋሚ ተቋርጧል። ጣቢያው ራሱ ባይመታም እንኳ መስመሩ ከተቆረጠ አደጋው ይመጣል። ስለዚህ ሚሳኤል በሚደርስበት ድንበር ላይ ሪአክተር መትከል የግድግዳውን ውፍረት በመጨመር ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ማን ይቆጠራል

የኒውክሌር ጣቢያ ቦታ ሲመረጥ አጥኚዎች በዙሪያው ያለውን ሕዝብ በክብ በክብ ይቆጥራሉ። በአሜሪካ ደንብ በ16 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው ሰው ለማስወጣትና ለመጠለል ዕቅድ ይያዝለታል፤ በ80 ኪሎ ሜትር ውስጥ ያለው እህል፣ ወተትና ውኃ ደግሞ ክትትል ይደረግበታል። ይህ ልኬት በጂዛን ካርታ ላይ ቢነጠፍ ሁለተኛው ክብ ድንበሩን ተሻግሮ የመን ምድር ይገባል። በዚያ በኩል ያሉት የሐጃና የሰዓዳ አውራጃዎች በጦርነት የደቀቁ ናቸው። የሚያስጠነቅቅ ደወል፣ ሰው የሚያወጣ አውቶቡስና የአዮዲን ክኒን የሚያድል ጤና ጣቢያ በሌለበት ዕቅድ በወረቀት ብቻ ይቀራል።

በሳዑዲ ወገን ያለው ችግር ሌላ መልክ አለው። በጂዛን የሚኖሩ ስደተኞች ብዙዎቹ በቆጠራ ቅጽ ላይ የሉም። ያለ ኢቃማ የሚኖር ሰው ፖሊስ ይዞኝ ይመልሰኛል ብሎ ስለሚፈራ ከሕዝብ ቦታ ይርቃል። በአደጋ ጊዜ «ወደ መሰብሰቢያው ኑ» የሚል ጥሪ ቢተላለፍ ለእርሱ የሚሰማው እንደ ወጥመድ ነው። ጥሪው በዓረብኛ ብቻ ከሆነ ደግሞ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ትግርኛ የሚናገረው ላይገባው ይችላል። የአዮዲን ክኒን የእንቅርት ዕጢን ጨረር ካለው አዮዲን የሚከላከለው በጊዜ ከተዋጠ ብቻ ነው። ፍርሃትና የቋንቋ እጥረት የሚያባክኑት ይህንኑ ጊዜ ነው።

የድንበሩ ታሪክ ይህን ፍርሃት መሠረት ሰጥቶታል። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከመጋቢት 2022 እስከ ሰኔ 2023 በየመን በኩል ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን በከባድ መሣሪያና በቅርብ ተኩስ ገድለዋል ብሏል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱ መሠረት የለውም ሲል አስተባብሏል። በ2020 ደግሞ በጂዛን ማቆያዎች ውስጥ ኢትዮጵያውያን በጠባብ ክፍል ተፋፍገው መያዛቸው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ታይቷል። ማቆያ ውስጥ ያለ ሰው ከአደጋ ሊሸሽ አይችልም። በሩን የሚከፍትለትና የሚያወጣው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በስም ካልተጻፈ፣ በችኮላው ሰዓት ይረሳል። በፉኩሺማ በዕቅድ ጉድለት በችኮላ ከሆስፒታል ከተወሰዱት ሕሙማን በርካቶች በጉዞው ሞተዋል፤ ያም በሥርዓቷ በምትታወቀው ጃፓን የሆነ ነው።

ሠራተኛውም የራሱ ጥያቄ አለው። በኒውክሌር ጣቢያ የሚሠራ ሰው የሚቀበለው ጨረር ዕድሜውን ሙሉ ይመዘገባል። ዓለም አቀፉ ወሰን በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት፣ በአንድ ዓመትም ከ50 ያልበለጠ ነው፤ ለተራው ሕዝብ 1 ሚሊሲቨርት ነው። በጃፓን በንዑስ ተቋራጭ የሚቀጠሩ ሠራተኞች ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተዘዋወሩ ጥገና ሲሠሩ፣ መዝገባቸውን ጠብቆ መያዝ ዋና ፈተና ነበር። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ግንባታውን የሚሠራው በአብዛኛው ስደተኛ ነው፤ በከፋላ ሥርዓትም ለረጅም ጊዜ ከአሠሪው ጋር ታስሮ ኖሯል። እንዲህ ያለ ሠራተኛ የጨረር መዝገቡን ይዞ ወደ አገሩ ካልተመለሰ፣ ከ20 ዓመት በኋላ በደሴ ወይም በአሰላ ሆስፒታል ሲታከም ሐኪሙ ምን እንደደረሰበት ማወቂያ የለውም።

ከብቱና ገበያው

ብክለት በከብትም ይጓዛል። በ1986 በቸርኖቤል ከደረሰው አደጋ በኋላ፣ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ በምትገኘው ብሪታንያ ወደ 10,000 የሚጠጉ የበግ እርሻዎች በሽያጭ ገደብ ሥር ገቡ። የመጨረሻዎቹ ገደቦች የተነሡት በ2012 ነው። ሣሩ ላይ ያረፈው ሲዚየም በበጎቹ ሥጋ ውስጥ ለ26 ዓመት ይለካ ነበር።

ጂዛን በግና ፍየል ከአፍሪካ ቀንድ በመርከብ የሚገባበት ወደብ አለው። በመስከረም 2000 የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ከአፍሪካ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በዚሁ በጂዛንና በየመን ነበር። ሳዑዲ ዓረቢያ ያን ጊዜ ከቀንዱ የሚመጣውን ከብት አገደች፤ ለሶማሊያ ከብት እገዳው የተነሣው በ2009 ነው። በእነዚያ ዓመታት ከበርበራ እስከ ኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል ያለው አርብቶ አደር ገበያውን አጥቶ ተቸግሯል። ይህ የሆነው በበሽታ ነበር። በጨረር ምክንያት ተመሳሳይ ጥርጣሬ ቢነሣ የሚከተለው የገበያ ኪሣራ ከዚያ የሚያንስ አይሆንም፤ የሚከፍለውም ስለ ጣቢያው ምንም ያልተጠየቀው አርብቶ አደር ነው።

ፖሊሲውና የጎረቤት መብት

በሪያድ፣ በዋሽንግተንና በቪየና የሚካሄደው ውይይት በዋናነት ያተኮረው በማበልጸግ ላይ ነው። ዩራኒየምን ለሪአክተር የሚያበለጽገው ቴክኖሎጂ ለቦምብም ሊያገለግል ይችላል። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2009 ከአሜሪካ ጋር ሲዋዋሉ ማበልጸግንና ያገለገለ ነዳጅን መልሶ ማጣራትን በፈቃዳቸው ትተዋል። በምላሹ የባራካን አራት ሪአክተሮች ሠርተው በ2024 ሁሉንም ለሥራ አበቁ፤ ዛሬ ከአገሪቱ ኤሌክትሪክ ሩቡን ያህል ያመነጫሉ። ሳዑዲ ዓረቢያ ግን ይህን መብት መተው አልፈለገችም። የኢነርጂ ሚኒስትሩ ልዑል አብዱልአዚዝ ቢን ሳልማን በጥር 2025 በዘህራን ባደረጉት ንግግር አገራቸው ዩራኒየም እንደምታበለጽግና እንደምትሸጥ ተናግረዋል። በ2024 መጨረሻ ሳዑዲ ዓረቢያ ከቁጥጥር በከፊል ነጻ ያደርጋት የነበረውን የአነስተኛ መጠን ፕሮቶኮል ትታ ወደ ሙሉው የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ቁጥጥር ገብታለች፤ ይህ በበጎ የሚታይ እርምጃ ነው። በኅዳር 2025 ከአሜሪካ ጋር በሲቪል ኒውክሌር ትብብር ድርድሩ መጠናቀቁን የሚገልጽ የጋራ መግለጫ ተፈርሟል።

ይህ ሁሉ የመንግሥታትን ሥጋት ይመለከታል። የጎረቤት ሕዝብ መብት ግን ደካማ መሠረት ላይ ነው። አውሮፓ በ1991 በኤስፖ ስምምነት፣ አንድ አገር ድንበር የሚሻገር ጉዳት የሚያስከትል ተቋም ከመገንባቱ በፊት ጎረቤቱን እንዲያሳውቅና የጎረቤቱን ሕዝብ እንዲሰማ ግዴታ ጥላለች። በቀይ ባሕር ዙሪያ እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። የ1982ቱ የጂዳ ስምምነት የባሕሩን አካባቢ ለመጠበቅ የቆመ ቢሆንም፣ ለኒውክሌር ጣቢያ የሚበቃ የቀድሞ ምክክር ሥርዓት አልዘረጋም።

ቸልታ ምን እንደሚያስከፍል በዚያው ባሕር ላይ ታይቷል። ከጂዛን በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በየመን ራስ ዒሳ ፊት ለፊት የቆመው ሴፈር የተባለ መርከብ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ ነዳጅ ተሸክሞ ለዓመታት ያለ ጥገና ዝጓል። ተፋላሚዎቹ ሲጨቃጨቁ፣ የተባበሩት መንግሥታት ከመንግሥታት፣ ከኩባንያዎችና ከግለሰቦች ገንዘብ ለምኖ በነሐሴ 2023 ነዳጁን ወደ ሌላ መርከብ አዛውሯል። ባሕሩ ያን ጊዜ ተርፏል። ነዳጅ ከመርከብ ወደ መርከብ ሊገለበጥ ይችላል፤ የቀለጠ ሪአክተር ግን አይዛወርም።

ያገለገለው ነዳጅም መድረሻ ይፈልጋል። ከሪአክተር የወጣ ነዳጅ ለዓመታት በውኃ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፣ ከዚያ ወደ ደረቅ መያዣ ይገባል፣ በመጨረሻም በጥልቅ አለት ውስጥ መቀበር አለበት። ፊንላንድ በኦልኪሉኦቶ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ያለው መቀበሪያ ሠርታለች፤ ዝግጅቱ ግን አሥርተ ዓመታት ፈጅቷል፣ የአካባቢው ማዘጋጃ ቤትም እምቢ የማለት መብት ነበረው። ይህ መብት ነዋሪውን ከታዛቢነት ወደ ወሳኝነት አሸጋግሮታል።

ሒሳቡ ለማን ይወጣል

ለኒውክሌር የሚቀርበው ክርክር ክብደት አለው። ሪአክተር ሌሊትና ቀን ያመነጫል፣ በዕድሜው ሙሉ የሚያወጣው ካርቦን ከነፋስ ኃይል ጋር የሚቀራረብ ነው፣ በሚያመነጨው ኤሌክትሪክ ልክ ሲሰላ የሚገድለው ሰው ከድንጋይ ከሰልና ከነዳጅ እጅግ ያነሰ ነው። በጂዛን የነዳጅ ቅሪት ከሚቃጠልበት ጭስ ጋር ሲነጻጸር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ሳዑዲ ዓረቢያ በ2021 ለሹዓይባ የፀሐይ ጣቢያ የተዋዋለችበት ዋጋ በኪሎ ዋት ሰዓት 1.04 የአሜሪካ ሳንቲም ነበር፤ በጊዜው ከዓለም ዝቅተኛው ነው። የፀሐይ ኃይል ሌሊቱን በባትሪ ወይም በሌላ ምንጭ መሸፈን ቢኖርበትም፣ የባሕር ውኃ ማጣሪያ ቀን ብርሃን ሲበዛ ሠርቶ ውኃውን ማጠራቀም ይችላል። ስለዚህ ምርጫው በኒውክሌርና በጨለማ መካከል አይደለም።

ይህ ጉዳይ ከእንግዲህ ለኢትዮጵያ የውጭ አገር ዜና ብቻ አይሆንም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በመስከረም 2025 የታላቁን ሕዳሴ ግድብ ሲመርቁ የኒውክሌር ጣቢያ ዕቅድን ይፋ አድርገዋል፤ በዚያው ወር ከሩሲያው ሮሳቶም ጋር የሥራ ዕቅድ ተፈርሟል። የስምጥ ሸለቆው፣ የድንበሩና የጎረቤት ሕዝቡ ጥያቄ በጂዛን የተነሣውን ያህል በኢትዮጵያም ይነሣል። ከጂዛን የሚወሰደው ትምህርት ለሁለቱም ወገን ያገለግላል።

ትምህርቱም በግልጽ ሊነገር የሚችል ነው። ቦታ ከመመረጡ በፊት የመሬት መንቀጥቀጡ፣ የባሕሩና የጦርነቱ ሥጋት ጥናት ለሕዝብ ይገለጽ። ጎረቤት አገር ከመጀመሪያው ይጠየቅ። የማስጠንቀቂያው ቃል በአካባቢው በሚነገሩት ቋንቋዎች ሁሉ ይዘጋጅ፤ በአደጋ ጊዜ ወደ መጠለያ የመጣ ሰው ኢቃማ እንዳይጠየቅ በሕግ ይደንገግ። የማቆያ ቤቶች የማስወጫ ዕቅድ ይኑራቸው። የሠራተኛው የጨረር መዝገብ ከሠራተኛው ጋር ወደ አገሩ ይሂድ። የኢትዮጵያ መንግሥትም ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር በሚፈርማቸው የሥራ ስምሪት ስምምነቶች ውስጥ እነዚህን ነጥቦች ያስገባ።

አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለእንዲህ ያለው ጊዜ ነው። በጂዛን ዛሬ ሪአክተር የለም፤ መምከርና መጠየቅ የሚቻለውም መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ባለው ጊዜ ነው። በድንበሩ በሁለቱም ወገን ያለውን ሰው፣ ስሙ በመዝገብ ያለውንም የሌለውንም፣ ያልቆጠረ የኒውክሌር ዕቅድ ሊጸድቅ አይገባውም።